የጎሾቹ ሐኪም በቱኒስ

ጃሲብ ዕድሜውን ሙሉ ከኢራቅ ወጥቶ አያውቅም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ቱኒስ ከተማ በሚካሄድ የእንስሳት ጤና ጉባኤ ላይ ጥናት እንዲያቀርብ ተጠራ። ደብዳቤው የደረሰው ቺባይሽ ውስጥ፣ ረግረጉ ዳር ባለችው ሁለት ክፍል ክሊኒኩ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ የምሥራቹን የሚነግረው ሰው ፈልጎ ቀና ሲል፣ ከመድኃኒት ፍሪጁ በቀር አጠገቡ ማንም አልነበረም።

ሚስቱ ነዚማ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ልጅ አልወለዱም። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሰው ታንኳው ላይ ዘሎ በቀጥታ ወደ ሙሐይሲን ነበር የሚሄደው። ሙሐይሲን እንደ ላም የሚታለብ የቤት ጎሽ አርቢ ነው። ከአንድ ታንኳ ዋና የተማሩ፣ በአንድ ሸምበቆ ቤት ያደጉ፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው «ይማርህ» የሚል ዓይነት ወዳጆች ነበሩ። ግን ሙሐይሲን ረግረጉን ጥሎ ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈው። ሂድ ብሎ የመከረውም ራሱ ጃሲብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ ዓመት በሐምሌ ውሃው ሸሸ፤ የቀረውም እንደ እንባ ጨው ጨው አለ። የሙሐይሲን ጎሾች መውደቅ ጀመሩ። በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ሞቱ። ጃሲብ የጨው መለኪያውን ይዞ ሄደና ውሃውን ለካ፣ ቁጥሩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አቡ ሰባህ፣ ጨው ነው» አለው፤ ሙሐይሲንን በትልቁ ልጁ ስም ነበር የሚጠራው። «የቀሩትን ሽጥና ውጣ። ይሄ ውሃ አንዷንም አይተውልህም።»

ሙሐይሲን አልተከራከረም። የቀሩትን ዘጠኝ ሸጠ፤ ቤቱን አፈረሰ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከርበላ ከተማ ዳርቻ ገባና የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደዋወሉ ነበር። ቆይቶ በየወሩ ሆነ። ቆይቶ ለበዓል ብቻ። በኋላ እሱም ቀረ።

ጃሲብ ለጉባኤው የላከውም ጥናት ይኸው ነው፤ በጨው ውሃ ስለሞቱት የረግረግ ጎሾች። ጽፎ ለመጨረስ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል።

በሚሄድበት ቀን ጠዋት፣ ናሲሪያ ከተማ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ወደ መኪናው ሲያመራ ኡም ጋዚ ደረሰችበት። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ስድስት ጎሾች ያሏት፣ ምላሷ ከማጭድ የሰላ ባልቴት ናት። በጨርቅ የተሸፈነ ቆርቆሮ ይዛለች። ጎሾቿ የሰጡት ገይመር ነው፤ ወፍራም ስልባቦት፣ እንደ ጥጥ የነጣ።

«እንካ፣ ለዚያ አገር ሰዎች አቅምስልኝ» አለችው። «ስለ ጎሾቻችን ሞት ብቻ እንዳትነግራቸው። ምን እንደሚሰጡም ይወቁ።»

«ኡም ጋዚ፣ የወተት ነገር እኮ ድንበር አያልፍም። የበሽታ ሕግ አለ። ይህን የምናስከብረው እኛው ሐኪሞቹ ነን።»

«ከልካዩ አንተ ከሆንክ ለራስህ ፍቀድ እንግዲህ!»

ሳቀና ተቀበላት። እምቢ ማለት ጉልበት ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ጉልበቱን ለመንገዱ ይፈልገዋል።

ባስራ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ከፍተሻው በፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ዙሪያውን ሰው ሰውን ይሸኛል። ያለቅሳል፣ ይተቃቀፋል፣ «ስትደርስ ደውል» ይላል። ጃሲብ ከሱቅ ዳቦ ገዛና ቆርቆሮውን ከፈተ። ሊጥለው አልቻለም፤ ይዞትም ሊያልፍ አይችልም። እየቆረሰ፣ እያጠቀሰ፣ እስኪበቃው በላ። ከግማሽ በላይ ተረፈ። አጠገቡ የምትጠርገውን ሴት ጠራና ከነቆርቆሮው ሰጣት።

ሴትዮዋ ተቀብላ ፊቱን አየችው። በዚያ አገር ሰው ለማያውቀው ሰው ምግብ ሲሰጥ ለሟች ነፍስ ነው። «ለማን ብዬ ልጸልይ?» አለችው።

አሰበ። «ነዚማ በያት» አላት።

ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ መዳፎቿን ዘርግታ ስለ ነዚማ ጸለየች። ከዚያ ቆርቆሮውን ይዛ ሄደች። ጃሲብ የተሸኘው በዚህ ነው።

ቱኒስ ሲደርስ ምዝገባው ላይ ባጅ ሰጡት። ደረቱ ላይ ካደረገው በኋላ ነው ያነበበው። «ዶክተር ሐሲብ፣ ኢራን» ይላል። ለመዝጋቢዋ ልጅ ነገራት። ልጅቷ በፈረንሳይኛ የተለወሰ ዓረብኛዋን አዥጎደጎደችው፤ ከአሥሩ ሦስቱን ቃል ያዘ። ነገ እናስተካክላለን ማለቷ መሰለው። በማግስቱ ሌላ ልጅ ተቀምጣ ነበር። ተወው።

እንግዲህ ሁለት ቀን ሙሉ ሐሲብ ሆኖ ከረመ። ሰው ሁሉ ባጁን ያያል፣ ዓረብኛ የማይገባው ይመስለዋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቃል በቃል ይናገረዋል። አንድ ሞሮኳዊ ስለ ቴህራን አየር ጠየቀው። ጃሲብ «ደህና ነው» አለ፤ ምን ይበል? ለማስተካከል አፉን በከፈተ ቁጥር ሰውዬው ወደ ሌላ ሰው ዞሯል።

አዳራሹ ውስጥ ስለ ብዙ ነገር ተወራ። ከሰማይ ሆኖ ከብት ስለሚቆጥር መሣሪያ፣ ስለ በግ ዘረ መል፣ በስልክ ስለሚታዘዝ ክትባት። ጃሲብ ደብተሩን አውጥቶ ይጽፍ ነበር። ከሰዓት በኋላ ላይ ግን የጻፈውን ሲያየው አንዱም ለኡም ጋዚ ስድስት ጎሾች የሚሆን አይደለም። ደብተሩን ዘጋ።

ምግብ ሰዓት የባሰ ነው። ክብ ጠረጴዛዎቹ ገና ሳይደርስ ይሞላሉ፤ ግብፅ ከግብፅ፣ አልጄሪያ ከአልጄሪያ። ከኢራቅ የመጣ እሱ ብቻ ነው። ጥግ ያለችውን ባለ ሁለት ወንበር ጠረጴዛ ያዘ። በሁለተኛው ቀን አስተናጋጁ፣ ቲጃኒ የሚባል ጸጉሩ የሸሸ ሰው፣ አዘነለት መሰል መጥቶ ቆመ።

«ሐሪሳውን በብዛት አታድርግ፣ የእኛ በርበሬ ያቃጥላል» አለው።

«የእኛም ፀሐይ ያቃጥላል» አለ ጃሲብ፤ አንድ ማንኪያ ሙሉ ኩስኩሱ ላይ አደረገና ጎረሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ቲጃኒ ሳቁን ይዞ ውሃ አመጣለት።

«የምን ሐኪም ነህ?»

«የጎሽ።»

«ጎሽ? ያ ጫካ ውስጥ ያለው?»

«አይደለም፣ የእኛዎቹ ቤት ይገባሉ። ስም አላቸው። ስትጠራቸው ከውሃው ይወጣሉ።»

«ስትቆጣቸውስ?»

«እንደ ሰው ያኮርፋሉ።»

ቲጃኒ ከት ብሎ ሳቀ። ከወዲያ ሌላ ጠረጴዛ ጠራውና ሄደ። ጃሲብ በሁለት ቀን ውስጥ በቅጡ ያወራው ይህንኑ ነው። ክፍሉ ሲገባ ሙሉ ልብሱን ሰቅሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መስኮቱን ከፈተ፤ ባሕሩ ይሰማል። የለመደው ውሃ ድምፅ የለውም፤ ሸምበቆው ነው የሚናገርለት። ይህ ግን ራሱ ይጮሃል። መልሶ ዘጋው።

የእሱ ተራ በሦስተኛው ቀን፣ በመጨረሻው ከሰዓት፣ ከሁሉ መጨረሻ ነበር። ሌላው ሰው በአውቶቡስ የጥንት ፍርስራሽ ለማየት ሊሄድ ደጅ ተሰልፏል። አዳራሹ ውስጥ ስድስት ሰው ቀርቷል፤ ከስድስቱ አንዱ ስልኩን ቻርጅ እያደረገ ነው፣ ሁለቱ አውቶቡሱ እስኪሞላ ጥላ ፈልገው የገቡ ናቸው። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ።

«አሥራ አምስት ደቂቃ ነበረዎት፤ በሰባት ይጨርሱልን» አለው።

የአንድ ዓመት ሥራ በሰባት ደቂቃ! ጃሲብ ውሃውን ዘለለ፣ ቁጥሮቹን ዘለለ፣ ፎቶግራፎቹን አሳየ። ደረቁን ረግረግ አሳየ። የሙሐይሲንን ጎሾች አሳየ፤ ዳሩ ላይ ተራ በተራ ተጋድመዋል። «የገደላቸው ጨው ነው» ብሎ ጨረሰ። ሁለት ሰው አጨበጨበ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ሲሰበስብ ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አነሳች። ወፈር ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ስድሳ የሚጠጋት ሴት ናት።

«ኢንሺራህ እባላለሁ፣ ከግብፅ፣ ከዳማንሁር። እኔም የጎሽ ሐኪም ነኝ። ዶክተር ሐሲብ፣ አንድ ጥያቄ።»

«ጃሲብ» አለ፤ ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ስሜ ጃሲብ ነው። የመጣሁትም ከኢራቅ ነው።»

«ይቅርታ ዶክተር ጃሲብ። ሦስተኛውን ፎቶ ይመልሱልኝ።»

መለሰው። የሙሐይሲን ጎሽ ናት፤ በጎኗ ተኝታ፣ አንገቷ ተዘርግቶ።

«ጉሮሮዋ አብጧል» አለች ሴትዮዋ።

«ሃምሳ ዲግሪ ሙቀት ነበር እኮ። ሬሳ ያብጣል።»

«ያብጣል። ግን የሙቀት እብጠት ከሆድ ነው የሚጀምረው። የእሷ ሆድ ገና ደህና ነው።»

ጃሲብ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ያን ፎቶ ያነሳው እሱ ነው። መቶ ጊዜ አይቶታል። ሆዱን ግን አሁን ገና አየው።

«አሥራ አንዱም በአንድ ሳምንት ነው የሞቱት?» አለች።

«በአንድ ሳምንት።»

«ጨው ያደክማል፣ ያከሳል፣ ዓይን ያጠፋል። እያዘገመ ነው የሚገድል። ይሄ ግን ሮጦ ነው የመጣው። ናሙና ወስደዋል?»

«ከውሃው ወስጃለሁ።»

«ከእንስሳቱስ?»

«ላቦራቶሪው ባስራ ነው። በዚያ ሙቀት እስክደርስ ይበሰብሳል ብዬ...»

«ሥጋው ይበሰብሳል» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ለስልሷል። «የእግሯን አጥንት ሳይሰበር በጨርቅ ጠቅልለው ቢወስዱ ግን ጀርሙ መቅኔው ውስጥ ለቀናት ይቆያል። እኛ ዘንድ ድሮም እንዲህ ነው የምናደርገው። ለእኔ ጎሮርሳ ነው የሚመስለኝ፣ ዶክተር። የጉሮሮው በሽታ።»

«ሰዓታችን አልቋል፤ አመሰግናለሁ» አለ ሰብሳቢው።

ኢንሺራህ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው። «ላሳፍርዎት ብዬ አይደለም» አለችው። «ፎቶ ብቻ አይቼ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ጨው ያደከመውን ይህ በሽታ ቶሎ ይጥለዋል፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ግን ክትባት አለው። ይከትባሉ?»

«ከሁለት ዓመት ወዲህ ክትባት አልጠየቅኩም። የሚሞቱት በጨው ነው ብዬ።»

ክንዱን በመዳፏ ነካ አደረገችው። ደጅ አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ። «ይምጡ፣ ከእኛ ጋር ይሂዱ፤ ወንበር አለ። ብቻዎን አይቀመጡ» አለችው። አይ፣ ደክሞኛል አላት። ስልክ ቁጥሯን ጽፋ ሰጠችውና እየሮጠች ሄደች።

ጃሲብ ባሕሩ ዳር ወዳለው የድንጋይ አጥር ወጣ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አጠገቡ ቤተሰቦች የሱፍ ፍሬ ይቆረጥማሉ፤ ሴቶች ይሳሳቃሉ። የሐኪም ስህተት አፈር ይሸፍነዋል ይባላል፤ የእሱን አፈሩ መልሶ ገልጦበታል። ስልኩን አውጥቶ ለረጅም ጊዜ ያልደወለበትን ቁጥር ፈለገ።

«አሎ?»

«አቡ ሰባህ፣ እኔ ነኝ። ጃሲብ።»

«የየት አገር ቁጥር ነው ይሄ? ታስረህ ነው እንዴ?»

«ቱኒስ ነኝ። ለጉባኤ።»

«ቱኒስ! ነዚማ፣ አላህ ነፍሷን ይማርና፣ ናሲሪያ አድርሰኝ ስትልህ ሥራ አለብኝ የምትለው ሰውዬ ቱኒስ!»

ጃሲብ ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። «ስለ ጎሾቹ ነው የደወልኩት» አለ። «ምናልባት ጨው አልነበረም። ጎሮርሳ ሳይሆን አይቀርም። በክትባት የሚድን ነበር።»

ከወዲያ የመኪና ድምፅ፣ የብረት በር ድምፅ ይሰማል።

«ነግሬህ ነበር» አለ ሙሐይሲን።

«መቼ?»

«የመጀመሪያዋ ጎሽ፣ ዋርዳ፣ የወደቀች ቀን። ታንኮራፋለች አልኩህ። ጉሮሮዋ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል አልኩህ። በአባቴ ጊዜም እንዲህ ያለ መጥቶ ነበር አልኩህ። አንተ ወገብህ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተህ መለኪያህን ታያለህ። ቀና እንኳ ሳትል 'ጨው ነው አቡ ሰባህ' አልከኝ።»

ጃሲብ ትዝ አለው። ሁሉም ትዝ አለው፤ ሙቀቱ፣ የመለኪያዋ ቀይ ቁጥር፣ ከኋላው የሚመጣው የሙሐይሲን ድምፅ። «ለምን ታዲያ አልተከራከርከኝም?» አለ።

«ሐኪሙ አንተ፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ጎሽ ጠባቂ! ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እየሰማ። ጓደኛዬ ተሳሳተ ከምል ጎሾቼን ሸጥኩ።»

«ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

«ይቅር ብልህ ይነሳሉ?» አለ ሙሐይሲን። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «መኪና መጣ፤ በር ልከፍት ነው።» ዘጋው።

ጃሲብ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ እዚያው ተቀመጠ። በስተ ግራው ያለችው ሴት ልጅዋን ልካ የሱፍ ፍሬ ሰጠችው። አመስግኖ ተቀበለና በእጁ ጨብጦ ያዘው፤ አልበላውም።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከረግረጉ ወዲያ ማዶ ሁለት ጎሾች ሞቱ። ጃሲብ መለኪያውን ክሊኒክ ትቶ ሄደ። ባለቤቶቹን ምን እንዳዩ ጠየቀ፤ ቁጭ ብሎ እስኪጨርሱ አዳመጠ። ከዚያ የአንዷን የእግር አጥንት በራሱ እጅ አወጣ፣ በጨርቅ ጠቀለለ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ወደ ባስራ በሚሄድ ታክሲ ተሳፈረ።

«ሐጂ፣ ከረጢቱ ውስጥ ምን ሞቷል?» አለ ሹፌሩ አፍንጫውን ይዞ።

«ኩራቴ» አለ ጃሲብ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ፤ ለእሱ ግን ቀልድ አልነበረም።

ውጤቱ በስድስተኛው ቀን መጣ። ጎሮርሳ ነው። የዚያኑ ቀን ክትባት ጠየቀ፤ በሳምንቱ ደረሰ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ በታንኳ ከቤት ቤት ሲዞር ከረመ። በየቤቱ መርፌውን ከማውጣቱ በፊት «የዛሬ ሁለት ዓመት ተሳስቼ ነበር፤ ጨው ብቻ አልነበረም» ይላል። አንዳንዱ ዝም ብሎ ያዳምጠዋል። አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል። ኡም ጋዚ ስድስቱንም ጎሾቿን እየያዘች አስከተበች፤ ሲጨርስ ግን አልለቀቀችውም።

«ሙሐይሲን ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«በስልክ?»

«በስልክ።»

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ አንተ ደረቅ!» አለችው። «ሂድ፣ ፊቱ ቁም።»

ሄደ። ከርበላ ዳርቻ፣ የሲሚንቶ መጋዘን በር ላይ፣ ሙሐይሲን በቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ተቀምጧል። ከስቷል፣ ጺሙ ነጥቷል። ተያዩ። ሙሐይሲን ከወንበሩ ተነስቶ ለእንግዳው ለቀቀና ራሱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ቢያኮርፍም የረግረግ ሰው እንግዳ አያቆምም። ሻይ ቀዳለት። ስለ ልጆቹ ትምህርት አወሩ፣ ስለ ሙቀቱ አወሩ። ስለ መመለስ ጃሲብ ሊያነሳ ሲል ሙሐይሲን ቀደመው።

«አልመለስም። ልጆቹ እዚህ ለምደዋል። እንዳትለምነኝ።»

«አልለምንህም» አለ ጃሲብ። ከኪሱ የላቦራቶሪውን ወረቀት አወጣ። «ይህን ላሳይህ ነው የመጣሁት። የአንተ ጎሾች አይደሉም። በሽታው ግን አንድ ነው።»

«አንብብልኝ።»

አነበበለት። ቀኑን፣ የአጥንቱን ዓይነት፣ የጀርሙን ስም፣ ማኅተም ያደረገውን ሰው ስም ሳይቀር።

«እንደገና» አለ ሙሐይሲን።

እንደገና አነበበለት። ሙሐይሲን ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አልነቀለም፤ ፊደሎቹን የሚለያቸው ይመስል። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ወሰደ፣ በአራት አጠፈው፣ የደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው፣ ቁልፉን ቆለፈ።

«የክሊኒኩ ነው እኮ» አለ ጃሲብ በቀስታ።

«የእኔ ነው» አለ ሙሐይሲን።

ከውጭ ጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋ። ሙሐይሲን ተነስቶ በሩን ሊከፍት ወጣ። ጃሲብ ጎጆው ውስጥ ብቻውን ቀረ፤ ይሂድ፣ ይጠብቅ፣ አላወቀም። የሲሚንቶ አቧራው በመስኮት እየገባ ጉልበቱ ላይ ያርፋል። መኪናው ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሌላ መኪና መጣ። ያም ገባ። ሙሐይሲን ከሹፌሩ ጋር ስለ ሆነ ወረቀት ሲጨቃጨቅ ይሰማል።

ጃሲብ ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ጠበቀ።